አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

ዶክተር ማስተዋል ባዶ ክብ ሰጠችው፣
«ሰዓት ሥራልኝ» አለች፣ በጣቷ አሳየችው፤
«አሥራ አንድ ከአሥር፣ እዚሁ ክቡ ላይ ይሁን።»
አባዬ ቀና ብሎ ያዘ እስክሪብቶውን።
ሠላሳ አራት ዓመት በፒያሳው ፖስታ ቤት
ማኅተም የመታ እጅ ምን ሊያስፈራው ወረቀት?
ቁጥሮቹን ደረደረ፤ አንዷም አልጎደለች፤
አጭሯ ቀስት ብቻ አምስት ላይ ቆመች።

ቅጹ «ስሕተት» ይላል።
ቅጹን ያረቀቀው ጎንደር መች አድሮ ያውቅ፣
ፀሐይ ከቀሃ ማዶ ስታዘቀዝቅ
አፍ አሥራ አንድ ሲል ዓይን አምስት እንደሚያይ፣
ሁለት ሰዓት ታስሮ እንደሚኖር ባንድ ክንድ ላይ።
ዶክተሯ የአዘዞ ልጅ ናት፤ ይህን ታውቃለች።
ነጥቡን ሰጠችው። በእርሳስ ግን ጻፈች።

ከዚያ ወደኔ ዞራ «ይቺስ ማን ናት?» አለችው።
አየኝ። ፊቱ በራ። ልቤ አፌ ላይ መጣ።
«የሳጥን ሁለት መቶ ስድሳ ደንበኛ፤ ምነው ቆየች ሳትመጣ?
ደብዳቤ ነበራት።»

ማታ፣ ብልኮ ቤታችን፣ ሸንጎ ተቀመጠ።
ሞላልኝ ከባሕር ዳር በሚኒባስ መጣ፣
ስልኩን ዘረጋልን፣ ጫማውን ሳያወጣ።
«መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ በዱባይ በኩል ይመጣል፤
በደም ሥር ይገባና የራስ አተላ ያጥባል።
ይህን ቤት ብንሸጠው…» አለ፤ ጣሪያውን ግን አላየም።

እንጉዳይ ፋርማሲ ውላ ነው የገባች፤ ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም።
«አተላው ታጠበ እንበል፤ እሺ፣ ጋኑ ይጥራ፤
ጠላው ይመለሳል ወይ? እሱን ማን አወራ?
አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ሰጥተው ቢለኩት
ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ነው፤ ያውም ሲያስጠጉት።
የአንዳንዱ ራስ ያብጣል፣ የአንዳንዱም ይደማል፤
በየጊዜው ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ ይፈልጋል፤
የኛው ሲበላሽ ማን ያያል?
አተላ የምትለውም አመዱ ቢሆንስ?
እሳቱ ሌላ ጓዳ እየነደደ ቢሆንስ?»

«ግማሽ ነጥብ» አለ ሞላልኝ፣ ድምፁ ተሰበረ፣
«በዚያች ግማሽ ውስጥ ቢሆንስ ስሜ የተቀበረ?»

ዝም።
እንጉዳይ ልትቀጥል ነበር፤ ሥዕል ነካክቶ ተያዘ ስለሚሉት አንድ ተመራማሪ፣
ከተፈተኑት ሺዎች መሐል አንድም የኛ አገር ሰው ስላለመኖሩ፤
ከንፈሯ ላይ ደርሶ ዋጠችው።
እናቴ ሹራቡን ልትቆልፍለት ጎንበስ እንዳለች
«ጠበሉም አልከፋ፤ ብርድ ግን አስያዘው» አለች።

እሱ ጥግ ይዞ በሥራው ተጠምዷል።
የመብራት ክፍያውን፣ የሐኪም ማዘዣውን፣ የማስቲካ ልጣጩን፣ ሁሉን በየአድራሻው ይለያል፦
ይህ ለዳባት፣ ይህ ለጭልጋ፣ ይህ ለቆላ ድባ።
እንጉዳይ ያተመችውን ጥናት ዐሥራ ሁለቱንም ገጽ
አገላበጠ፣ በመዳፉ መዘነ፣ አፍንጫው ድረስ አቀረበ፣
ከዚያ ብቻውን አስቀመጠው፣ ከመስኮቱ ሥር፦
«ለላኪው ይመለስ።»

መጀመሪያ የሣቀው ሞላልኝ ነው። መጀመሪያ ያለቀሰውም።

«አንቺስ?» አሉኝ ኋላ። እስካሁን አልመለስኩም።
ቤቱ አልተሸጠም፤ አይሸጥም ግን አላልኩም።
ብቻ በየቀኑ አሥራ አንድ ከአሥር ሲሆን
ከማስተምርበት መጥቼ፣ ሳላወርድ ቦርሳዬን፣
ከመስኮቱ ውጭ በረንዳው ላይ እቆማለሁ፣
መስተዋቱን ሁለቴ በጣቴ አንኳኳለሁ።
«ሁለት መቶ ስድሳ» እለዋለሁ።
ይነሣል። ይፈልጋል። በረድፍ፣ በረድፍ፣ ሳይቸኩል፣
በባዶው መደርደሪያ እኔ የማላያቸውን ስሞች በአመልካች ጣቱ እያለፈ፣
አንዳንዱ ላይ ቆም እያለ።

«ዛሬ የለሽም» ይለኛል፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣
ለደንበኛ ሲያዝን እንደኖረ ሰው።
«ነገ ነይ። ነገ የአሥመራው መኪና ይገባል።»